ወደ ጃዊ፣ አንድ ግድግዳ ፍለጋ

በረዶው የያዛቸው አፋፉ ላይ ነው፤ ደጋው አልቆ መሬቱ ቁልቁል ወደ ጃዊ ቆላ በሚወርድበት ቦታ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፤ ቀጥሎ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከዚያ ባቄላ የሚያህል በረዶ አናት አናታቸውን ይወግራቸው ጀመር። ዳማው ፈረስ ጆሮውን ለጥፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ባለቤቱ ይሄነው ልጓሙን በሁለት እጁ ጨብጦ ተንጠለጠለበት። መሳፍንት ግን ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፎ ኮርቻው ላይ የታሰረችውን የቆርቆሮ ሳጥን ሸፈነበት።

«ጋሼ፣ ራስዎን ይሸፍኑ እንጂ። ለባዶ ሳጥን ነው እንዴ?»

«ባዶ መሆኗን ማን ነገረህ?»

«ቀለለችኛ።»

መሳፍንት ሲጠየቅ አለመመለስ ልማዱ ነው።

ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ ይሸጣል። ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ፣ የደርግ ዘመን መጽሔት፣ የንጉሡ ዘመን የቀን መቁጠሪያ፣ የሲኒማ ማስታወቂያ፣ ዕጣ ያልደረሰው የሎተሪ ቲኬት ሳይቀር እሱ ዘንድ ይገኛል። ሙያውን ያስተማረው ሰው ያወረሰው አንድ ሕግ ነው፦ የምትፈልገውን ነገር በዓይንህ አትየው። ሻጭ ዓይንህን ካነበበ አለቀልህ። ስለዚህ መሳፍንት የሚፈልገውን መጽሐፍ ወደ ጎን ገፍቶ በማይፈልገው ላይ ሲከራከር ነው ያረጀው። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይላል። የእሱስ እውነትም ይሰፋል፤ ሚስቱ እንኳ ምን ወጥ እንደሚወድ ያወቀችው ሳህኑን እያየች እንጂ እሱ ነግሯት አይደለም።

አሁን የሚፈልገው አንድ የጋዜጣ ገጽ ነው። ታላቅ ወንድሙ እንዳልካቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ሾላ ሥር ቆሞ ገበሬዎችን ሲያስተምር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፤ ወደ ሰሜን ሄደና አልተመለሰም። ሌላ ፎቶግራፍ አልነበረውም። እናታቸው ወይዘሮ ዋጋዬ ጋዜጣውን አጥፋ ሣጥን ውስጥ አኖረችው፤ ምስጥ ሣጥኑንም ጋዜጣውንም እኩል በላቸው። መሳፍንት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዚያን ዓመት ጥራዝ አስወጥቶ ነበር። ገጹ በምላጭ ተቆርጦ ተወስዷል። እንዲህ ያለውን ምላጭ መሳፍንት አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሙያ ባልንጀሮቹ ምላጭ ነው።

አሁን የእናቱ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ አንደኛው አልቆለታል፣ ሁለተኛውም ብዙ አይቆይም አለ። አላለቀሰችም። «እንዳልኬን ሳላየው አይጨልምብኝ» ብቻ አለች።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ መምህር ሱቁ ገባ። ጃዊ ውስጥ በአንዲት የቆላ መንደር ሲያስተምር ቆይቶ የተመለሰ ነው። ተከራይቶት የነበረው ቤት ግድግዳው በሙሉ አሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈበት እንደነበረ፣ ጋደም ብሎ ሲያነበው ሲያነበው በቃሉ እንደወጣው እየሳቀ አወራ። ማስረጃ እንዲሆንለትም ከአንድ ፎቶግራፍ ሥር ያለውን ጽሑፍ በቃሉ አለው፤ «ዘማች እንዳልካቸው በሾላ ጥላ ሥር ለገበሬዎች ፊደል ሲያስቆጥር።»

መሳፍንት የወንድሙ ገጽ መሆኑን አወቀ። ፊቱ ግን አልተነቃነቀም። «የማን ቤት ነበር?» አለ፣ ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሰው። የእማማ ደጊቱ ቤት ነበር።

እዚያ ኔትወርክ የለም። መንገዱም ከተዘጋ ሰንብቷል፤ መኪና አይወርድም። መሳፍንት ወደዚያው በሚሄድ የከብት ነጋዴ በኩል መልእክት ላከ። «ከዳንግላ አንድ ሰው የእልፍኛችሁን ግድግዳ ሊያይ ይመጣል በላቸው» አለው። ፎቶግራፍ አላለም። ወንድሜ አላለም። ካወቁ ይወደድብኛል፣ ወይም ወሬው ወገኔ ጆሮ ይደርሳል ብሎ ፈራ። ወገኔ የባሕር ዳር የአሮጌ ጋዜጣ ነጋዴ ነው፤ የአብዮቱን ዘመን ወረቀት እየለቀመ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል፣ ጥንብ አንሳ ሥጋ እንደሚያሸት ወረቀት ያሸታል። የፈራው አልቀረም፤ መምህሩ አፉን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ወገኔም ሰማ።

ይሄነው ከአዲስ ቅዳም ከሰል በፈረስ የሚያመላልስ የአገው ልጅ ነው። መኪና ሲቆም ከሰሉ የሚገዛው አጣ፤ ባይቸግረው ኖሮ ይህን መንገድ አይቀበልም ነበር።

«ፈረስ እኮ ቆላ አይወርድም፤ ዝንቡ የገንዲ በሽታ ያሲዘዋል» ብሎ ነበር ሲነሡ። «ተጭኖ የሚመጣው ምንድን ነው?»

«አንድ ዕቃ ነው። ደርሰን ቶሎ እንመለሳለን።»

እንግዲህ በዚህ ቃል ነው ሰውየው ፈረሱን ይዞ የተከተለው።

በረዶው ሲያባራ ቁልቁለቱ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። መሳፍንት ሁለቴ ወደቀ፤ በሁለተኛው አንድ ግራር ባይዘው ኖሮ ገደሉ ነበር የሚቀበለው። ጉሙ ከሥር እየተግተለተለ ወጥቶ ፈረሱን ከዓይናቸው ሰወረባቸው። ይሄነው በአገውኛ እያባበለ፣ እየተቆጣ፣ ደግሞ እያባበለ በድምፁ ብቻ መርቶ አወረደው። ከጉሙ ሥር ሲወጡ አየሩ ሌላ ነበር። ሙቀቱ ከመሬት ይነሣል፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ዝንቡ ደግሞ ገና እንዳዩት ዳማው ላይ ሰፈረ። ይሄነው ቅጠል ዘንጥፎ ያራግብለት ጀመር። ራሱን የነከሰውን አልቆጠረውም።

ሲመሽ ጅቦች መጡ። መጀመሪያ አንዱ ጮኸ፤ ከወዲያ ሌላው መለሰለት፤ ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ይሄነውን ያስፈራው ዝምታው ነው። ፈረሱን ከግራር ጋር አሥሮ እንጨት ሰበሰበ፤ እንጨቱ ረጥቧል፣ ክብሪቱ ይጨሳል እንጂ አይያያዝም።

«ጋሼ፣ ሳጥኗ ውስጥ ደረቅ ነገር የለም?»

ነበረ። ገጹ ሳይታጠፍ የሚመለስባቸው ሁለት ደረቅ ካርቶኖች፣ የተለጠፈ ወረቀት የሚላጥበት ስስ ቢላዋና ስፖንጅ ነበሩባት። መሳፍንት ካርቶን ካሳየው ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቀው አሰበ።

«የለም» አለ።

ይሄነው በዱላ ሣሩን እየደበደበ፣ እየፎከረ ዞረ። ከፊት ያሉት ጅቦች ሲያፈገፍጉ አንዱ ከኋላ ገባ። ዳማው ጮኸ፣ ተራገጠ፣ ገመዱን ሊበጥስ ተወራጨ። ይሄነው ደርሶ ጅቡን በዱላ ሲለው የፈረሱ ታፋ ተሸርክቶ ነበር። ያኔ መሳፍንት ሳጥኗን ከፍቶ አንዱን ካርቶን ቀዳደደው። እሳቱ ወዲያው ተያያዘ፤ ጅቦቹም ሸሹ።

ይሄነው በእሳቱ ብርሃን ሳጥኗን አየ፣ መሳፍንትን አየ። ነጠላውን ቀዶ የፈረሱን ታፋ አሠረ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በለስ ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ የማሻገሪያዋ ታንኳ ታስራ ቆማለች። ከታንኳዋ የወረደው ሰው ከሩቁ ይታወቃል፤ የባሕር ዳሩ ወገኔ ነው፣ ረጅም የፕላስቲክ ካርታ መያዣ እንደ ጠመንጃ አንግቶ።

«ወገኔ! ታንኳውን መልስልን» አለ መሳፍንት፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

«ባለታንኳው እንቅልፉ መጥቷል» አለ ወገኔ ከማዶ። «ነገ ይሻገራል፤ እኔም ያኔ እመለሳለሁ። ምን ዕቃ ነው እንዲህ ያስቸኮለህ?»

«ምንም። ላየው ብዬ ነው።»

«እኔም ላየው ብዬ ነው» አለና ሣሩ ውስጥ ገባ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይህ ነው። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ቆመው እየተዋሹ፣ ሁለቱም ውሸቱን ያውቁታል።

መሳፍንት ውኃውን አየ። ወገኔ ማታውኑ ግድግዳው ጋ ሊደርስ ነው። በምላጭ የተቆረጠው ገጽ ትዝ አለው።

«በፈረሱ እንሻገር» አለ።

«ታፋው ይደማል እኮ። ይህ ውኃ አዞ አለው። ነገ ቢሆንስ?»

«ነገ ይረፍዳል።»

«ምኑ ነው የሚረፍደው? ይንገሩኝና እኔም ልወስን።»

መሳፍንት አፉን ከፍቶ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስንት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ጥያቄ አይከፈትም። «ዕቃው ይሸጥብኛል» አለ።

ባዶ እጁን መመለስ ያልፈለገው ይሄነው ኮርቻውንና ሳጥኗን ደረቅ ግንድ ላይ አሥሮ ገመዱን ወገቡ ላይ ቋጠረ። ልጓሙን ይዞ ገባ። መሳፍንት የፈረሱን ጭራ ጨበጠ። ውኃው እስከ ጉልበት፣ እስከ ደረት መጣ፤ ከዚያ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ጠፋ። ዳማው አንገቱን ቀና አድርጎ ቀዘፈ፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ግንድና የበለስን ሙላት እየጎተተ ቀዘፈ። መሳፍንት ውኃ ዋጠ፣ ተፋ፣ ደግሞ ዋጠ፤ ጭራውን ግን አልለቀቀም። ማዶ ሊደርሱ ሲሉ ፈረሱ መሬት ረገጠና በአንድ ጉልበት ወደ ፊት ወረወራቸው። መሳፍንት ደለሉ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

ቀና ሲል ዳማው ግማሽ ሰውነቱ ውኃ ውስጥ ነበር። የቆሰለ ታፋውን አንድ ነገር ይዞታል። ይሄነው ልጓሙን በትከሻው አሳልፎ ጎተተ፤ መሳፍንት ሮጦ አብሮት ጎተተ። ፈረሱ በፊት እግሮቹ ደለሉን ይቧጥጣል፣ ዓይኑን ባለቤቱ ላይ ተክሏል። ከዚያ ልጓሙ ተበጠሰ። ውኃው ትንሽ ቀላ፤ ወዲያው ደግሞ እንደነበረው ደፈረሰ።

ይሄነው የተበጠሰውን ልጓም ይዞ ቆመ። 

«ምንድን ነው ዕቃህ?» አለ በመጨረሻ። ከዳንግላ ከወጡ ጀምሮ እስካሁን ጋሼ፣ እርስዎ ነበር የሚለው።

መሳፍንት ፊቱን አዞረ። ይሄነው ኮርቻውን ከግንዱ ፈትቶ ትከሻው ላይ አደረገና ቀድሞት ሄደ።

የእማማ ደጊቱ ቤት የደረሱት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ግቢው ተጠርጓል፤ ደጃፉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ወገኔ እልፍኙ ውስጥ ከገበታ ፊት ተቀምጧል። ካርታ መያዣው ባዶውን መሬት ላይ ተጋድሟል። መሳፍንትን ሲያይ ሳቀ፤ የሳቁ ዓይነት ግን የደስታ አልነበረም።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለ። «ክብርህ ትልቅ ነው፤ ቤት ተመርጎልሃል።»

መሳፍንት ግድግዳውን አየ። ቀይ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ከታች እስከ ላይ ተመርጓል፣ በእበት ተለቅልቋል፣ በላዩ ነጭ አፈር ተቀብቷል። መካከሉ ላይ አንዲት እጅ በጣቷ አበባ ስላበታለች። ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀም፤ የእርጥብ ጭቃው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

እማማ ደጊቱ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ጎንበስ ያሉ ሴት ናቸው። ከደስታቸው ብዛት ሁለት እጁን ይዘው ሳሙት።

«እንዴት ነው ልጄ፣ አማረ? ሐዘን ላይ ስለነበርን ዘንድሮ ለዓመት በዓሉ እንኳ አልመረግነውም ነበር። ከዳንግላ ድረስ ትልቅ ሰው ግድግዳችሁን ሊያይ ይመጣል ቢሉን አፈርን። ያ ጭስ የጠገበ ወረቀት ተለጥፎ እንዴት እናሳይሃለን? ልጆቼ ጭቃ ሲረግጡ ሰነበቱ።»

«ወረቀቱስ?» አለ መሳፍንት። ድምፁ ከሌላ ሰው የወጣ መሰለው።

«የተላጠውን ምድጃ ውስጥ ጨመርነው። ያልተላጠው እዚያው ጭቃው ሥር ቀረ። ምነው?»

ምግብ ቀረበ። ዶሮ ታርዷል። ይሄነው ኮርቻውን ደጅ አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። መሳፍንት ቆረሰ፣ አጎረሱት፣ ዋጠ። «አምሯል» አለ። «እንዲህ ያለ ግድግዳ አላየሁም።» አሁንም ፊቱ አልተነቃነቀም፤ ሙያ ነዋ። ሦስተኛውን ጉርሻ ሲያጎርሱት ግን እንባው ጉርሻው ላይ ወረደ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ በሰው ቤት ገበታ ላይ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ሾላውን፣ ጋዜጣውን፣ ምስጡን፣ የእናቱን ዓይን። ይሄነው አንገቱን ቀና አደረገ። ወገኔ እጁን ከገበታው ላይ አነሣ።

«ይህን ብትለኝ ታንኳዋን መልሼ እልክልህ ነበር» አለ ወገኔ ቀስ ብሎ። «እኔም እናት አለችኝ።»

እማማ ደጊቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ያ ዘማች? ከአልጋው ራስጌ ያለው? እሱ እኮ የቤታችን ሰው ነበር፤ ልጆቼ አስተማሪው ነበር የሚሉት። መርገን ስንደርስበት ትንሿ የልጅ ልጄ አለቀሰችብኝ፣ እኔ ተቆጣኋት።» ወደ መሳፍንት ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ አንዲት ቃል እንኳ ብትልክ ምን ነበረበት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ወንድሜ ነው ብትል ጠፍር አልጋ ላይ አስተኝቼ እጠብቅልህ ነበር።»

ማንም ሳያዝዛቸው ቢላዋ አንሥተው ከአልጋው ራስጌ ያለውን አዲሱን ምርግ መፋቅ ጀመሩ። በጣት የተሳለው አበባ ፈረሰ። መሳፍንት ሊከለክላቸው እጃቸውን ያዘ፤ አስለቀቁት። ይሄነው ተነሥቶ ከሳጥኗ ስሱን ቢላዋ አወጣና ጎናቸው ቆመ። ቆይቶ ወገኔም እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሙያው ነውና ከሁሉም ይልቅ በዘዴ የሚፍቅ እሱ ነበር።

ወረቀቱ ጭቃውን ጠጥቶ ከጭቃው ጋር አብሮ ይወርዳል። ሾላው ወረደ። ሰሌዳው ወረደ። እንዳልካቸው የቆመበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የቀረ ነገር አልነበረም፤ ያ ከተላጠውና ምድጃ ከገባው ወገን ነበር። መጨረሻ ላይ ከታችኛው ጥግ፣ መዳፍ የማታህል ቁራጭ ከነምስሏ ወጣች። መሳፍንት በስፖንጁ ጠረጋት። መሬት ላይ የተቀመጠ አንድ ገበሬ ነው፤ ራሱ ላይ ሻሽ ጠምጥሟል፣ አፉን ከፈት አድርጎ ወደ ላይ ያያል።

የቀረውን ካርቶን አጥፎ መካከሉ አኖራት።

ሲመለሱ ባለታንኳው አሻገራቸው። ይሄነው ኮርቻውን ተሸክሞ አቀበቱን ሲይዝ መሳፍንት ልቀበልህ ቢለው እንቢ አለ። አጋማሹ ላይ ግን ቆሞ ተነፈሰ።

«እንኩ፣ ይያዙልኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ጋሼ» ጨመረበት።

መሳፍንት ኮርቻውን ተሸክሞ ደጋውን ወጣ። መንገድ ላይ ወዴት ነው ያለውን ሁሉ እያቆመ ነገረው፤ የወንድሙን ገጽ ፍለጋ ሄዶ የሰው ፈረስ አስበልቶ እንደሚመለስ። ማንም ሳይጠይቀው የተናገረበትም ጊዜ ነበረ። ይሄነው አጠገቡ ቆሞ ሰማው፣ አላስቆመውም። ዳንግላ ሲደርሱም መሳፍንት ሱቁን ሳይከፍት በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

ወይዘሮ ዋጋዬ ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጣ ነበር። የእግሩን ኮቴ ስትሰማ እጇን ዘረጋች።

«አገኘኸው?»

ስትጠይቀው አንድ ውሸት መጣለት። ይኸው እሱ ነው ቢላት ያ ዓይን በምን ይለየዋል? ቀላል ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ነው።

«አላገኘሁትም፣ እማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የምፈልገውን ስለደበቅኋቸው ለእኔ ክብር ብለው ግድግዳውን መረጉት። ይህቺ ብቻ ነች የቀረችው።»

ቁራጯን ተቀበለችው። ወደ ብርሃኑ ዞራ ደኅናው ዓይኗ ላይ እስክትነካው ድረስ አስጠጋቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይህ ማን ነው?»

«አንድ ገበሬ ነው። እንዳልኬ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያስተምር እየሰማው ነው።»

«ወደ ላይ የሚያየው እሱን ነው?»

«አዎ፣ እሱን ነው።»

ወይዘሮ ዋጋዬ ቁራጯን ከዓይኗ አላወረደችም። በአውራ ጣቷ የገበሬውን ፊት ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው።

«ታድሎ» አለች።